የጎንደርን ጥርት ያለ ሌሊት ሥራ ላይ ማዋል፦ ከኅዋ ብርድ፣ ከምጣድ እሳትና ከጭቃ ኃይል ማውጫ መመሪያ

ከጥቅምት እስከ የካቲት የጎንደር ሌሊት ጥርት ያለ፣ አየሩም ደረቅ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2100 ሜትር ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ከላይዋ ያለው አየር ስስ ነው፤ ሙቀት ወደ ምድር የሚመልሰው የውኃ ተንም ጥቂት ነው። ስለዚህ ፊቱን ወደ ሰማይ የሰጠ ነገር ሁሉ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱን በኢንፍራሬድ (ለዓይን በማይታይ የሙቀት) ጨረር ወደ ኅዋ ይለቃል። ኅዋ ከዜሮ በታች 270 ዲግሪ ነው። የዳባትና የደባርቅ ገበሬ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ሰማዩ ከጠራ ውርጭ ይሠጋል፣ ደመና ከሸፈነው ግን ሰብሉ ይተርፋል። ባቄላ የሚያደርቀው ያው ብርድ በአግባቡ ከተያዘ ወተት ያቀዘቅዛል፣ መብራትም ያበራል።

ከኅዋ ኃይል ማምጣት ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ሳተላይት ላይ የተዘረጋ ሶላር ነው። ሐሳቡን መሐንዲሱ ፒተር ግሌዘር እ.ኤ.አ. በ1968 አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2023 ካልቴክ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ወደ ኅዋ የላከው መሣሪያ ኃይልን ያለ ሽቦ አስተላልፏል፤ ምልክቱም እዚያው ተቋም ጣሪያ ላይ ተይዟል። ትልቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን አንድ ቤተሰብ ግቢው ውስጥ የሚሠራው አይደለም። ለእኛ ኅዋ ዛሬውኑ፣ ያለ ክፍያ የሚሰጠን ብርዱን ነው። ሞቃትና ቀዝቃዛ ነገር ጎን ለጎን ካለ ኃይል አለ፤ የሁለቱ ልዩነት ከጠፋ ኃይሉም ይጠፋል። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ ይህን ልዩነት ማስፋትና ሳይሠራ እንዳይባክን መጠበቅ ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡ። 15 ዲግሪ ላይ ያለ ቀለም የተቀባ ገጽ በካሬ ሜትር 390 ዋት ገደማ በጨረር ይለቃል። ደረቅና ጥርት ያለ ሰማይ ከዚህ 300 ያህሉን ይመልሳል። እጃችን ላይ የሚቀረው እንደ ሌሊቱ ሁኔታ ከ60 እስከ 90 ዋት ነው። ወፍራም ዝቅተኛ ደመና ሲመጣ ይህ ወደ ጥቂት ዋት ይወርዳል፤ ስለዚህ በክረምት ይህን ሥራ አትሞክሩ። ጎርጎራና ጣና ዳር ደግሞ አየሩ እርጥበት ስላለው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ቢመስልም ውጤቱ ከጎንደር ያንሳል።

ውኃ የሚያቀዘቅዝ የሌሊት ገበታ

ከዚህ ጀምሩ። ብየዳ የለውም፣ ሽቦ የለውም፣ ውጤቱም በማግስቱ ጠዋት ይታያል። 20 ሊትር ውኃ ከንጋቱ አየር ከ5 እስከ 8 ዲግሪ በታች ያወርዳል። በታኅሣሥና በጥር የጎንደር ንጋት ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ስለሚሆን፣ ውኃው 4 ወይም 5 ዲግሪ ላይ ሊገኝ ይችላል።

የሚያስፈልገው ይህ ነው፦

- ውስጡ 1 ሜትር በ1 ሜትር፣ ከፍታው 12 ሴንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ፍሬም፣ ወለሉ በኮምፖርሳቶ የተዘጋ
- ለወለሉ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ነጭ ፎም፤ ለጎኖቹ 2 ሴንቲ ሜትር ይበቃል
- ውኃ የማያፈስ ወፍራም ጥቁር ላስቲክ፣ 1.6 ሜትር በ1.6 ሜትር
- ጥርት ያለ ስስ ፖሊኢትሊን ላስቲክ፣ 1.4 ሜትር በ1.4 ሜትር፣ ሁለት ቁራጭ
- 2 ሜትር ግማሽ ኢንች ጎማ

ፎሙን አንጥፉ፣ ጥቁሩን ላስቲክ እንደ ገንዳ አድርጉና ጠርዙን በፍሬሙ ላይ በስቴፕል ወይም በትንንሽ ምስማር ያዙት። ከዚያ በውኃ ልክ አስተካክሉ። ጥልቀቱ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ፍሬሙ አንድ ጎኑ 4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ሌላው ጎን ባዶውን ይቀራል። 20 ሊትር ጨምሩ። አንደኛውን ስስ ላስቲክ በቀጥታ ውኃው ላይ አንሳፍፉት፤ አረፋውን በእጅ ከመሐል ወደ ዳር ግፉ። ሁለተኛውን በፍሬሙ አናት ላይ ወጥሩት። በሁለቱ መካከል 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አየር ይቀራል።

የታችኛው ላስቲክ ለምን አስፈለገ? ብዙ ሰው ይህን ይዘልለዋል፤ ሥራው የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ውኃው ክፍት ከሆነ ይተንናል፣ ተኑ ከላይኛው ላስቲክ ሥር ይንጠባጠባል። የውኃ ጠብታ ደግሞ ኢንፍራሬድን ፈጽሞ አያሳልፍም። ከሁለት ሰዓት በኋላ ገበታው ክዳን እንደተከደነበት ይሆናል። ላስቲኩ ውኃውን ከነካ ግን የሚተንበት ቦታ አያገኝም። የላይኛው ሥራ ነፋስን መከልከል ብቻ ነው፤ ነፋስ ካገኘው የውኃው ቅዝቃዜ ከአየሩ ጋር ይስተካከላል።

የላስቲኩ ዓይነት ወሳኝ ነው። ኅዋ ሙቀታችንን የሚቀበልበት መስኮት ከ8 እስከ 13 ማይክሮሜትር ያለው ጨረር ነው። ፖሊኢትሊን ይህን ያሳልፋል፤ መስታወት፣ ፕሌክሲግላስና ወፍራም ፒቪሲ ያግዱታል። ገበያ ላይ ሁሉም «ላስቲክ» ስለሚባል ራሳችሁ ፈትኑት፦ ምጣድ ባዶውን ሲግል፣ በእጃችሁና በምጣዱ መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቃችሁ ላስቲኩን ወጥሩ። ግለቱ በእጃችሁ ላይ ከሞላ ጎደል እንደ በፊቱ ከተሰማ ይሆናል። በአንዴ ከቀዘቀዘባችሁ አይሆንም። በእጅ ሲታሽ የሚንኮሻኮሸው ስስ ፌስታል ብዙ ጊዜ ፈተናውን ያልፋል።

ገበታው የሚቀመጥበት ቦታ ክፍት ይሁን። ቀን ፀሐይ ሲያግለው የዋለ የድንጋይ ግንብ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ገበታው ይመልሳል፤ ስለዚህ ከግንብ ቢያንስ የግንቡን ከፍታ ሁለት እጥፍ ራቁ። ዛፍ ሥር በጭራሽ አታኑሩት። ጠፍጣፋ ጣሪያ ካለ ከሁሉ ይሻላል።

ውኃውን ማታ 12 ሰዓት ላይ ጨምሩ፣ ጠዋት ከ12 ሰዓት በፊት አውጡ። ፀሐይ አንድ ጊዜ ካረፈችበት የሌሊቱ ሥራ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መበላሸት ይጀምራል። ለማውጣት ከአንዱ ጎን ድንጋይ አስገብታችሁ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉና በጎማው ወደ ታች ባለ ጀሪካን ሳቡት። ውኃው ላስቲክ ሲነካ ስላደረ ለመጠጥ አይደለም፤ እንደ በረዶ ማቀዝቀዣ ያገልግል። 5 ሴንቲ ሜትር ፎም የለበሰ፣ 60 ሊትር የሚይዝ ሳጥን ውስጥ ሁለት ባለ 10 ሊትር ጀሪካን አስቀምጡ፤ ወተቱን፣ ቅቤውን፣ አትክልቱን በመካከላቸው አድርጉ። ሳጥኑ ቀን ላይ በየሰዓቱ ግማሽ ዲግሪ ገደማ ይሞቃል፤ ጠዋት 5 ዲግሪ የነበረው ማታ ላይ 10 ወይም 11 ይደርሳል። ደጋግማችሁ ከከፈታችሁት ደግሞ ይባስ። ኢንሱሊንና ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት ስላለባቸው በዚህ ሳጥን ውስጥ ፈጽሞ አይቀመጡ።

ውጤቱን ስትለኩ ሁለት ቴርሞሜትር ያዙ፤ አንዱ ውኃው ውስጥ፣ ሌላው አየር ላይ። የአየሩ ቴርሞሜትር ሰማይ ካየ እሱም ራሱ ይቀዘቅዛልና አሳስቶ ያነባል። ከላዩ ነጭ የዕቃ ክዳን እንደ ጥላ አድርጉለት። በጥቅምት መጀመሪያ ገና መሬቱ እርጥብ ስለሆነ የላይኛው ላስቲክ በላዩ ጤዛ ሊይዝ ይችላል፤ አንዱን ጠርዝ በ5 ሴንቲ ሜትር ጣውላ ከፍ አድርጉና ይፍሰስ። ቀን ላይ ላስቲኮቹን አንሡ፤ ፀሐይ ካገኛቸው በአንድ ሁለት ወር ውስጥ እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰባበራሉ። በመጋቢትና በሚያዝያ አቧራ ስለሚበዛ በየሳምንቱ እጠቧቸው።

ቀን ላይስ? በጠራራ ፀሐይ ከአየሩ በታች የሚቀዘቅዝ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2014 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ላይ ተሠርቷል፤ በብር ላይ በተነጠፉ ሰባት እጅግ ስስ ንብርብሮች 97 በመቶ ፀሐይን እያንጸባረቀ ከአየሩ 4.9 ዲግሪ በታች ወርዷል። ያንን ቤት ውስጥ መሥራት አይቻልም። የቆርቆሮ ጣሪያን ሁለት እጅ በኖራ መቀባት ግን ይቻላል። ኖራ ፀሐይን ያንጸባርቃል፣ ሙቀትንም ወደ ሰማይ በደንብ ይለቃል። አዲስ ቆርቆሮ ሲያብለጨልጭ የሚቀዘቅዝ ይመስላል፤ ነገር ግን ብረት የያዘውን ሙቀት በጨረር መልቀቅ አይሆንለትም።

የቀን ፀሐይንና የሌሊት ሰማይን አገናኝቶ መብራት ማብራት

እ.ኤ.አ. በ2019 ተመራማሪው አስዋት ራማንና ባልደረቦቹ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥቁር ክብ ሰሌዳ ወደ ሌሊት ሰማይ አዙረው፣ ከሥሩ የሙቀት ኤሌክትሪክ ሞጁል (አንድ ፊቱ ሲሞቅ ሌላው ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጠፍጣፋ ዕቃ) አድርገው ትንሽ ኤልኢዲ አበሩ። ያገኙት በካሬ ሜትር 25 ሚሊዋት ነው። ሰሌዳው የቀዘቀዘው ከአካባቢው አየር አንጻር ብቻ ስለሆነ ልዩነቱ ጥቂት ዲግሪ ነበር። የእኛ መንገድ የሞቀውን ወገን ከአየር ወደ ውኃ ይለውጠዋል፦ ቀን በፀሐይ የሞቀ 20 ሊትር ውኃ ሌሊት ከሰሌዳው ሥር ይቀመጣል። ልዩነቱ 15 ዲግሪ ሲደርስ ኃይሉ በብዙ እጥፍ ያድጋል፤ ምክንያቱም ልዩነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል።

ዕቃው፦

- 40 በ40 ሴንቲ ሜትር የአሉሚኒየም ላሜራ፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር
- ሁለት ቲኢሲ1-12706 ሞጁል (በኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞች ዘንድ «ፔልቲየር» የሚባለው፣ የውኃ ማቀዝቀዣ ማሽን ውስጥ የሚገኘው)
- 10 በ15 ሴንቲ ሜትር፣ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ቁራጭ
- ባለ 18 ወይም ባለ 20 ሊትር አራት ማዕዘን የዘይት ቆርቆሮ
- ቴርማል ፔስት፣ የማይሰነጠቅ ሲሊከን፣ ጥቁር የዘይት ቀለም
- 30 ሜትር ባለ 25 ሚሊ ሜትር ጥቁር የፕላስቲክ ቧንቧ
- ለቮልቴጅ ማሳደጊያው ሰርኪት፦ አንድ የፌራይት ቀለበት፣ አንድ ኤንፒኤን ትራንዚስተር (ቢሲ547 ይሆናል)፣ 1 ኪሎኦም ሬዚስተር፣ አንድ ነጭ ኤልኢዲ

ላሜራውን ለምን 2 ሚሊ ሜትር? ብርዱ የሚሰበሰበው በሰሌዳው ሙሉ ስፋት ነው፤ ሞጁሎቹ ግን መሐል ላይ ናቸው። ላሜራው ስስ ከሆነ ዳር ዳሩ ይቀዘቅዛል፣ መሐሉ ይሞቃል። የላይኛውን ፊት በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አሽታችሁ ሁለት ስስ እጅ ቀለም ቀቡ። ያልተቀባ አሉሚኒየም በጨረር የሚለቀው እጅግ ትንሽ ስለሆነ ያለ ቀለም በደንብ አይሠራም። ለሌሊት ሥራ የቀለሙ መልክ ለውጥ የለውም፤ ነጭም ይሆናል። የታችኛውን ፊት አትቀቡ።

የዘይቱን ቆርቆሮ በደንብ በሳሙና እጠቡና በአንድ ሰፊ ጎኑ አስተኙት። ወደ ላይ በሚሆነው ጎን መሐል ላይ ወፍራሙን የአሉሚኒየም ቁራጭ በቴርማል ፔስት አስቀምጡ፣ በላዩ ሁለቱን ሞጁሎች ጎን ለጎን፣ ከዚያ ሰሌዳውን። የሁለቱም ሞጁሎች ጽሑፍ ያለበት ፊት ወደ አንድ አቅጣጫ ይሁን፤ አንዱ ከተገለበጠ አንዱ የሚያመነጨውን ሌላው ያጠፋዋል። ፔስቱ ስስ ይሁን፣ ሩዝ የምታህል መሐል ላይ አድርጎ መጫን ይበቃል። ሲወፍር መከላከያ ይሆናል። የአንዱን ቀይ ከሌላው ጥቁር አያይዙ፤ በሁለቱ ቀሪ ጫፎች ላይ ቴስተር አድርጉ።

ሰሌዳውን ከቆርቆሮው ጋር በብረት ቡሎን አትሰሩት። አንድ ቡሎን ብቻ ሙቀቱን በአቋራጭ ከውኃው ወደ ሰሌዳው ያሳልፋል፣ ሞጁሉ ላይ ልዩነት አይቀርም። በላስቲክ ገመድ አራት ማዕዘኑን ወደ ታች ሳቡት ወይም የፕላስቲክ ቡሎን ከነዳዶው ተጠቀሙ። አጥብቃችሁ አትሰሩ፤ የሞጁሉ ፊት ሴራሚክ ስለሆነ ይሰነጠቃል። የሞጁሎቹን ዙሪያ በሲሊከን ድፈኑ፤ ጤዛ ውስጥ ከገባ የውስጡን ብየዳ ይበላዋል፣ ጉዳቱም የሚታወቀው ከወራት በኋላ ኃይሉ ሲቀንስ ነው። በሰሌዳውና በቆርቆሮው መካከል ባዶ የቀረውን ቦታ በፎም ሙሉት። ቆርቆሮውን በሙሉ፣ ከላይ ከሰሌዳው በቀር፣ 10 ሴንቲ ሜትር የታጨቀ ደረቅ ጭድ ባለበት ሳጥን ውስጥ አድርጉ።

ውኃውን ማሞቅ፦ ጥቁሩን ቧንቧ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ጠቅልላችሁ አንጥፉ። 9 ሊትር ገደማ ይይዛል። እኩለ ቀን ገደማ፣ ፀሐይ ስትበረታ፣ ሞልታችሁ አንድ ሰዓት ተኩል አቆዩት፤ 40 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ወደ ቆርቆሮው ልቀቁና አንድ ጊዜ ድገሙ። ቆርቆሮው እስከ አፉ ይሙላ። ከላይኛው ጎን ሥር አየር ከቀረ ውኃው ብረቱን አይነካም፣ ሙቀቱም አይወጣም፤ ለዚህ ሥራ አለመሥራት በጣም የተለመደው ምክንያት ይኸው ነው። ቆርቆሮውን በትንሹ አዘንብላችሁ አፉ ያለበት ጫፍ ከፍ ይበል፣ አየሩ በዚያ ይወጣል። ውስጡ የሞቀው ውኃ ራሱ ወደ ላይ ይወጣል፣ የቀዘቀዘው ይወርዳል፤ ፓምፕ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ሰሌዳውን በላስቲክ አትሸፍኑ። ሰሌዳው ከሥሩ ሙቀት ስለሚመጣለት ከአየሩ በላይ ጥቂት ዲግሪ ይሞቃል፤ ስለዚህ ነፋስ ይረዳዋል። ከገበታው ጋር ያለው ልዩነት ይህ ነው፤ ሁለቱን ስትሠሩ አታምታቱት።

ሁሉ ነገር ከተስተካከለ ማታ ላይ ያለ ጭነት (መብራት ሳይያያዝበት) 1.5 ቮልት ገደማ፣ ንጋት ላይ 1 ቮልት ገደማ ታነባላችሁ። እያንዳንዱ ሞጁል በአንድ ዲግሪ ልዩነት 0.05 ቮልት ያህል ይሰጣል፤ ስለዚህ ያነበባችሁትን በ0.1 ስታካፍሉ ሞጁሎቹ ላይ ያለውን ትክክለኛ ልዩነት ታገኛላችሁ። ጭነት ሲኖር ቮልቴጁ በግማሽ ይወርዳል፤ ይህ ጉድለት አይደለም፣ ከፍተኛው ኃይል የሚገኘው እዚያ ላይ ነው። ከ50 እስከ 120 ሚሊዋት ጠብቁ። ከ0.5 ቮልት በታች ካነበባችሁ አየር፣ የወፈረ ፔስት ወይም የተገለበጠ ሞጁል ፈልጉ።

ኤልኢዲ 3 ቮልት ስለሚፈልግ ማሳደጊያ ያስፈልጋል። የፌራይቱን ቀለበት ከተቃጠለ ቆጣቢ አምፖል አውጡ፤ የመስታወቱ ቱቦ ሜርኩሪ ስላለበት እንዳይሰበር ተጠንቀቁ። ሁለት ስስ የተለበጡ ሽቦዎችን አንድ ላይ አድርጋችሁ 20 ዙር ጠቅልሉ። የአንደኛውን መጨረሻ ከሁለተኛው መጀመሪያ ጋር አያይዙና ከሞጁሎቹ ፖዘቲቭ ጋር አገናኙ። ከቀሩት ሁለት ጫፎች አንዱ ወደ ትራንዚስተሩ ኮሌክተር እግር፣ ሌላው በ1 ኪሎኦም በኩል ወደ ቤዝ ይሂድ። ኤሚተሩ ወደ ኔጋቲቭ። ኤልኢዲው በኮሌክተርና በኤሚተር መካከል፣ ረጅም እግሩ ወደ ኮሌክተር። ካልበራ ከሁለቱ ጥቅልሎች የአንዱን ጫፎች ቀያይሩ፤ ከአሥር ችግር ዘጠኙ ይህ ነው። ይህ ሰርኪት ለመነሣት 0.6 ቮልት ያህል ይፈልጋል፤ ከተነሣ በኋላ ከዚያ ባነሰም ይቀጥላል። ስለዚህ አንድ ሞጁል ብቻ አይበቃም።

ብርሃኑ ማንበቢያ አይሆንም። የግቢ መውጫ፣ የሽንት ቤት መንገድ ወይም የሕፃን ክፍል ሌሊቱን ሙሉ ያሳያል፤ ባትሪ የለውም፣ የሚያልቅበትም ነገር የለም። ንጋት ላይ የቀረው 28 ወይም 30 ዲግሪ ውኃ ፊት መታጠቢያ ይሁን።

ከምጣድ እሳት

የእንጨት እሳት ከዚህ ሁሉ የበለጠ ልዩነት ይሰጣል፤ ነገር ግን ሞጁል የሚቃጠለውም እዚህ ነው። ቲኢሲ1-12706 ለማቀዝቀዣ የተሠራ ስለሆነ የውስጡ ብየዳ 138 ዲግሪ ላይ ሊቀልጥ ይችላል፤ ምጣድ አጠገብ አታድርሱት። ኤስፒ1848-27145 የሚባለው እስከ 150 ዲግሪ ይችላል።

«ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ካላችሁ ከኋላ ያለውን የድስት ማስቀመጫ ተጠቀሙ፤ ጭሱ በዚያ ሲያልፍ የሚባክነው ሙቀት ይበቃል። 12 በ16 ሴንቲ ሜትር፣ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አሉሚኒየም በላዩ አድርጉ፣ ሁለት ሞጁሎች በቴርማል ፔስት፣ ከላይ ደግሞ ጠፍጣፋ መቀመጫ ያለው 3 ሊትር ውኃ የያዘ የአሉሚኒየም ድስት። የሙቀት መለኪያ ሽቦ ያለው ቴስተር ይዛችሁ የታችኛውን ሰሌዳ ለኩ፤ 130 ዲግሪ ካለፈ በትንንሽ ድንጋይ ከፍ አድርጉት። የድስቱ ውኃ 50 ዲግሪ ሲደርስ ቀይሩ። ጎንደር ላይ ውኃ 93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ሲፈላ ልዩነቱ እዚህ ግባ አይባልም፣ ተንኖ ካለቀ ደግሞ ሞጁሎቹ ይሞታሉ።

ስለ ኃይሉ አትታለሉ። ሻጮች የሚጽፉት 100 ዲግሪ ልዩነት ላይ 4.8 ቮልትና 669 ሚሊአምፔር ነው፤ ሲባዛ 3.2 ዋት ይመስላል። ቮልቴጁ የተለካው ያለ ጭነት፣ ከረንቱ የተለካው ጫፎቹ ተገናኝተው ስለሆነ ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይገኙም። እውነተኛው ከፍተኛ ኃይል የብዜቱ ሩብ፣ ማለትም 0.8 ዋት ነው። ምድጃ ላይ 60 ዲግሪ ልዩነት ማግኘት መልካም ነው፤ ከሁለት ሞጁሎች 0.55 ዋት ያህል። አንድ ሰዓት እንጀራ ሲጋገር የሚገኘው ስልክ ከ4 በመቶ በላይ አይሞላም፤ 0.1 ዋት መብራት ግን አራት ሰዓት ያበራል። ስለዚህ ስልክን ትታችሁ መብራትን አስቡ።

ጭቃና አተላ

የደንቢያ ጥቁር አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ምግባቸውን ሲያፈርሱ ኤሌክትሮን ይለቃሉ። ይህ ለትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ የሚሆን ሥራ ነው፤ ቤት አያበራም። አንድ ባልዲ ላይ 15 ሴንቲ ሜትር እርጥብ ጭቃ አድርጉ፣ አራት የካርቦን ዘንግ (ከተራ የዚንክ ካርቦን ባትሪ ድንጋይ የሚወጣ፣ በጓንት ተወጥቶ የታጠበ፤ አልካላይን የሚለውን አትክፈቱ) 8 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቅበሩ። ሌሎች አራት ዘንጎች ከጭቃው በላይ ባለው 3 ሴንቲ ሜትር ውኃ ላይ፣ ግማሻቸው አየር እየነካ ይቁሙ። ምግቡ የጠላ አተላ ነው፤ ለአንድ ሊትር ጭቃ ሁለት ማንኪያ። ከበዛ ይኮመጥጣል፣ ባክቴሪያዎቹ ይደክማሉ። ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ቮልቴጁ ቀስ እያለ ወደ 0.4 ወይም 0.5 ይወጣል። ኃይሉ ከአንድ ሚሊዋት በታች ነው። አራት ባለ 1 ፋራድ ካፓሲተሮችን ጎን ለጎን ሞልታችሁ በተከታታይ ስታገናኟቸው 2 ቮልት ይሆናል፣ ቀይ ኤልኢዲም ግማሽ ደቂቃ ያህል ይበራል።

መዳብና ዚንክ ምስማር አፈር ውስጥ ተክሎ «ከመሬት ኃይል አወጣሁ» የሚል ቪዲዮ ብዙ አለ። እዚያ የሚበላው ዚንኩ ነው፤ ኃይሉም የመጣው ዚንኩን ካቀለጠው ፋብሪካ ነው። አፈሩ እርጥበት ከመሆን ሌላ ድርሻ የለውም።

የማይነኩ

ጥርት ባለ ቀን አየር ውስጥ በአንድ ሜትር ከፍታ 100 ቮልት ያህል አለ። ይህን ሰምተው ከፍ ያለ ሽቦ የሚዘረጉ አሉ። ከአየሩ የሚወርደው ከረንት ግን በካሬ ሜትር 2 ፒኮአምፔር ብቻ ነው፤ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ሙሉ ቢሰበሰብ 2 ማይክሮአምፔር ነው። ያው ሽቦ በክረምት መብረቅ ወደ ቤት ይጠራል። አንድ መብረቅ 280 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ቢይዝም አብዛኛው አየሩን በማሞቅ ያልቃል፣ የቀረውም ከአንድ ሰከንድ በታች በሆነ ጊዜ ይመጣል፤ የሚችለው ባትሪ የለም። በሐምሌና በነሐሴ በከፍታ ላይ ሽቦ፣ ቧንቧ ወይም ካይት አታቁሙ።

ግንቦት ሲያልቅ ሰሌዳውን ፍቱ። ሞጁሎቹን ከአሮጌው ፔስት በአልኮል አጽዱ፣ ለሁለት ቀን ጥላ ውስጥ አድርቁና ከደረቅ ሩዝ ጋር በተዘጋ ዕቃ አኑሯቸው። የዘይቱን ቆርቆሮ ባዶ አድርጋችሁ አፉን ወደ ታች ድፉት፤ ውኃ ውስጡ ከከረመ በመስከረም ዝጎ ያፈሳል። ጭዱ እርጥበት ከያዘ መጣል አለበት፤ የረጠበ ጭድ ሙቀት ያሳልፋል።